ስልክ መያዝና ዝግጁ መሆን፦ ዕጩ መምህራን ስለ ኦንላይን ትምህርት ይጠይቃሉ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ከመምህራን ትምህርት ኮሌጆች የተጻፉ ናቸው። ከጸሐፊዎቹ አንዳንዶቹ ዕጩ መምህራን፣ ሌሎቹ አሠልጣኞች ሲሆኑ፣ የሁሉም ጥያቄ የሚያጠነጥነው በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ወረርሽኝ፣ ግጭት ወይም የተፈጥሮ አደጋ የኮሌጁን በር ባዘጋ ጊዜ፣ ዕጩ መምህሩ በኦንላይን ለመማር፣ ብሎም በኦንላይን ለማስተማር ምን ያህል ዝግጁ ነው? ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹን ማንነት ሳንገልጽ አቅርበናል።

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት ዕጩ መምህርት ነኝ። ኮሌጃችን በድንገት ተዘግቶ ትምህርቱ ወደ ኦንላይን ሲዛወር ብዙም አልደነገጥኩም ነበር፤ ስልክና ኮምፒውተር ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማውቅ ጓደኞቼ ሲቸግራቸው የሚጠይቁት እኔን ነው። አሁን ግን ያልተነበቡ ሞጁሎች ተከምረውብኛል፤ የሁለት የቤት ሥራዎች ማስረከቢያ ቀንም አልፎብኛል። ፋይል እንዴት እንደሚላክ እኔ ያሳየኋት ጓደኛዬ ደግሞ ሁሉንም በጊዜው ጨርሳለች። ችግሩ ከእኔ ነው ወይስ ከአሠራሩ? ራሷን መምራት ያቃታት ሰው ነገ ሌላውን እንዴት ታስተምራለች የሚለው ሐሳብም እንቅልፍ ነስቶኛል።

መልስ፦ ከሁለቱም ነው፤ ድርሻቸው ግን እኩል አይደለም። በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች በኮቪድ-19 ምክንያት በተዘጉበት ወቅት፣ ከ190 በሚበልጡ አገሮች 1.6 ቢሊዮን ያህል ተማሪዎች ከክፍል ውጭ መሆናቸውን ዩኔስኮ አስታውቆ ነበር። በዚያው ሰሞን የትምህርት ቴክኖሎጂ ተመራማሪው ቻርልስ ሆጅስና አራት ባልደረቦቹ ባወጡት ጽሑፍ፣ በሚገባ ታቅዶ የሚሰጥ የኦንላይን ትምህርትና በቀውስ ጊዜ በጥድፊያ የሚሰጥ የርቀት ትምህርት በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ እንደማይገባ አሳስበዋል፤ አንድን የዩኒቨርሲቲ ኮርስ ሙሉ በሙሉ ለኦንላይን ማዘጋጀት አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 9 ወር እንደሚፈጅም ጠቅሰዋል። የእርስዎ አሠልጣኞች ያገኙት ጊዜ ምናልባት ከጥቂት ቀናት ያልበለጠ ይሆናል። ስለዚህ ለክፍል የተጻፈ ሞጁል በፒዲኤፍ ተልኮልዎ “አንብቡና ሥሩ” ከተባሉ፣ የደረሰዎት አስተማሪው የጎደለበት የክፍል ትምህርት ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ግን ጓደኛዎ በዚሁ አሠራር ውስጥ ጨርሳለች፤ ይህንንም በዝምታ ማለፍ አይቻልም። በታይዋን የሚን-ሊንግ ሁንግ የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ጥናት፣ ከ1,000 የሚበልጡ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ለኦንላይን ትምህርት ያላቸውን ዝግጁነት በአምስት ዘርፍ መዝኗል። ኮምፒውተርና ኢንተርኔትን በልበ ሙሉነት መጠቀም አንዱ ነው፤ የቀሩት አራቱ ትምህርትን በራስ መምራት፣ ሐሳብን ከሚሰርቁ ነገሮች ራስን ጠብቆ ሂደቱን መቆጣጠር፣ የመማር ፍላጎትና በኦንላይን ሐሳብን መግለጽ መቻል ናቸው። ተማሪዎቹ በኮምፒውተር አጠቃቀም ደህና ሆነው ሲገኙ፣ ወደ ኋላ የቀሩት ትምህርታቸውን በራሳቸው በመምራትና ሂደቱን በመቆጣጠር ረገድ ነበር። በእርስዎና በጓደኛዎ መካከል ያለው ልዩነትም እዚሁ ላይ ይመስለኛል። ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ሳሉ ጊዜዎን የሚያስተዳድሩልዎ ሌሎች ነበሩ፤ ደወሉ ያነሣዎታል፣ የስም ጥሪው ያስገባዎታል፣ አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው ደብተሩን ሲገልጥ እርስዎም ይገልጣሉ። ኮሌጁ ሲዘጋ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን ተነሡ፤ ሞጁሉን የሚያነቡበት ስልክ ደግሞ ከሞጁሉ የሚያዘናጉ ነገሮች በሙሉ የሚገኙበት ስልክ ነው። ስልኩን ይበልጥ የሚያውቅ ሰው ይበልጥ መዘናጋቱም የሚያስገርም አይደለም።

እንግዲህ የሚያስፈልግዎ ደወሉን የሚተካ ነገር ነው። “ዛሬ ከሰዓት አነባለሁ” የሚል ዕቅድ ደወል አይሆንም፤ “ከምሳ በኋላ ሳህን እንዳነሣሁ፣ ስልኩን ከኢንተርኔት አላቅቄ፣ የሞጁል 4ን የመጀመሪያ 8 ገጽ አነባለሁ” የሚለው ግን ሰዓት፣ ቦታና መጠን ስላለው ይሠራል። ካነበቡ በኋላም መልሰው ከማንበብ ይልቅ ሞጁሉን ዘግተው ያስታወሱትን በባዶ ወረቀት ላይ ይጻፉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ ከንባቡ አምስት ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና የበለጡት ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ነበሩ፤ ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን የበለጡት አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት ሆነዋል። ደጋግሞ ማንበብ የገባን ስለሚያስመስል፣ ጠያቂ አስተማሪ በሌለበት ቤት ውስጥ አታላይ ነው።

ሌላው የጥያቄ አቀራረብ ነው። “ሞጁል 4 አልገባኝም” ብሎ ለአሠልጣኝ መጻፍ፣ በደርዘን የሚቆጠሩ መልእክቶች የሚደርሱትን ሰው ሊያስጽፍ የሚችለው “እንደገና አንብቢው” የሚለውን ብቻ ነው። በአንጻሩ እንዲህ ብለው ቢጽፉ መልስ ያገኛሉ፦ “በሞጁል 4 ገጽ 12 ላይ በተከታታይ ምዘናና በማጠቃለያ ምዘና መካከል ያለው ልዩነት ገብቶኛል። ነገር ግን በወሩ መጨረሻ የሚሰጥ አጭር ፈተና ከየትኛው እንደሚመደብ አልተለየልኝም። ውጤቱ ተመዝግቦ የሚቀር፣ ተማሪው የሚታረምበት ካልሆነ፣ ከማጠቃለያው የሚቆጠር ይመስለኛል። ልክ ነኝ?” ይህ መልእክት የገባዎትን፣ ያልገባዎትንና ግምትዎን ለይቶ ስለሚያሳይ አሠልጣኙ በሁለት መስመር ሊያርምዎ ይችላል።

ስላለፉት ሁለት የቤት ሥራዎች ዛሬውኑ ይጻፉ፤ ምክንያት ከመደርደር ይልቅ የሚያስረክቡበትን ቀን ይጥቀሱ። በኦንላይን ትምህርት የሚያቋርጡ አንዳንዶቹ የሚያቋርጡት አቋርጫለሁ ብለው ሳይሆን ከመዘግየታቸው የተነሣ አፍረው ዝም በማለት ነው። እንቅልፍ የነሳዎትን ሐሳብ በተመለከተ ግን፣ ከአንድ ወር የተዝረከረከ ጥናት ተነሥቶ ስለ መምህርነት ብቃት መፍረድ አይቻልም። ይልቁንም ያንን ጓደኛዎን ውለታ ይጠይቋት፤ እርስዎ ፋይል መላክን እንዳሳዩአት፣ እርሷም ቀኗን እንዴት እንደምታከፋፍል ታሳይዎ።

ጥያቄ፦ በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አሠልጣኝ ነኝ። ኮሌጁ ሊዘጋ እንደሚችል ስንሰማ ለዕጩ መምህራኖቻችን የዝግጁነት መጠይቅ በኦንላይን ልከን ነበር። ከመለሱት መካከል እጅግ የሚበዙት “ዝግጁ ነኝ” የሚለው ላይ ምልክት አድርገዋል። ትምህርቱ ሲጀመር ግን በቋሚነት የሚሳተፈው ከሠልጣኞቻችን ግማሽ አይሞላም። መጠይቁ ዋሸን ወይስ እኛ አላነበብነውም? ዝግጁነትንስ በትክክል የሚለካው ምንድን ነው?

መልስ፦ መጠይቁ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መልሷል። በደብዳቤዎ ውስጥ “ከመለሱት መካከል” የሚለውን ልብ ይበሉ። መጠይቁ የተላከው በኦንላይን ከሆነ፣ ሊመልስ የሚችለው መጀመሪያውኑ ኢንተርኔት ያለው፣ መልእክቱን በጊዜው ያየና ቅጹን ሞልቶ መላክ የቻለ ሰው ነው። ኔትወርክ የሌለው፣ ስልኩን ከወንድሙ ጋር የሚጋራው፣ ሊንኩ አልከፍት ብሎት የተወው ሠልጣኝ በውጤታችሁ ውስጥ የለም። በሌላ አነጋገር መለካት የፈለጋችሁት ችግር ራሱ ችግሩ ያለባቸውን ሰዎች ከመለኪያው አስወጥቷቸዋል። በእኔ እምነት ከመልሶቹ ሁሉ የበለጠ መረጃ የያዘው ያልመለሱት ሰዎች ስም ዝርዝር ነበር፤ እነዚህን በስልክ በመደወል ወይም በወረቀት መጠየቅ ያስፈልጋል። ለወደፊቱም ውጤቱን ስትጽፉ ከመላሾች ቁጥር ጎን የሠልጣኞቹን ጠቅላላ ቁጥር አብራችሁ አስፍሩ።

ሁለተኛው ጉዳይ የጥያቄዎቹ ዓይነት ነው። “ኮምፒውተር በሚገባ እጠቀማለሁ”፣ “በኦንላይን ለመማር ዝግጁ ነኝ” የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች የሚለኩት ሰው ስለ ራሱ ያለውን እምነት ነው። ይህም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ እንዳስረዳው፣ አንድን ሥራ እወጣዋለሁ ብሎ የሚያምን ሰው ይጀምረዋል፣ ሲከብደውም ቶሎ አይተወውም። ባንዱራ ግን ለዚህ እምነት ከሁሉ የበለጠ ጽኑ ምንጭ አስቀድሞ ሠርቶ መወጣት እንደሆነ ጨምሮ ተናግሯል። ዕጩ መምህራኖቻችሁ በኦንላይን ተምረው የማያውቁ ከነበሩ፣ መተማመናቸው የቆመው ስልክን ለወሬና ለመዝናኛ በተጠቀሙበት ልምድ ላይ ነው፤ ያ ልምድ ደግሞ ከትምህርት ጋር የሚያገናኘው እምብዛም የለም።

ስለዚህ ኮሌጁ ክፍት ሳለ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ሥራ አሠርታችሁ እዩ። ለምሳሌ ለእያንዳንዱ ዕጩ መምህር የሚከተለው ትእዛዝ በጽሑፍ ብቻ ይድረሰው፦ ለአራተኛ ክፍል ተማሪ የሚሆን የአምስት ደቂቃ ትምህርት በድምፅ ብቻ ቅረጽ፤ ፋይሉ ከ2 ሜጋባይት አይብለጥ፤ ተማሪው መረዳቱን የሚያሳይ አንድ ጥያቄ አስከትል፤ ከዚያም የሌላ ሠልጣኝ ሥራ አድምጠህ በሦስት ዓረፍተ ነገር ግብረ መልስ ጻፍለት። ከትእዛዙ ጋር ከተላኩት ሊንኮች አንዱ ሆነ ተብሎ የማይከፈት ይሁን (በኋላ ምክንያቱን መግለጽ ግን ተገቢ ነው)። ከመጠይቅ የማይገኝ ነገር የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሊንኩ አልከፈት ሲለው እስኪነገረው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ሌላው ጓደኛውን ይጠይቃል፣ ሦስተኛው ለአሠልጣኙ “የትኛው ሊንክ፣ ምን ብሎ እምቢ አለኝ” ብሎ ለይቶ ይጽፋል። ቀውስ ሲመጣ ከስሌት ሰንጠረዥ ችሎታ ይልቅ የሚያስፈልገው ይህኛው ጠባይ ነው።

ከዚህም በላይ፣ በየቦታው የሚሠራባቸው አብዛኞቹ የዝግጁነት መጠይቆች የተዘጋጁት ለተማሪ ነው። ዕጩ መምህር ግን ሁለት ዝግጁነት ይፈለግበታል፤ ዛሬ በኦንላይን ይማራል፣ ነገ በኦንላይን ያስተምራል፤ የመጀመሪያው ሁለተኛውን በራሱ አያስከትልም። የትምህርት ተመራማሪው ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 የትምህርቱን ይዘት ማወቅና ያንኑ ይዘት ለሌላ ሰው በሚገባ መንገድ ማቅረብን ማወቅ የተለያዩ ዕውቀቶች መሆናቸውን አስረድቶ ነበር። ፑንያ ሚሽራና ማቲው ኮኽለር እ.ኤ.አ. በ2006 በዚህ ላይ ቴክኖሎጂን ሲጨምሩ፣ ቴክኖሎጂውን ለብቻው ማወቅ በቂ እንዳልሆነና ሦስቱ የሚገናኙበትን ቦታ ማወቅ እንደሚያስፈልግ አመልክተዋል። በመጠይቃችሁ ውስጥ “ተማሪዬ ያልገባው ነገር ምን እንደሆነ ሳላየው እንዴት አውቃለሁ?” የሚል ጥያቄ ከሌለ ግማሹ ዝግጁነት አልተለካም ማለት ነው።

ለመሆኑ መጠይቁ ለአሠልጣኞቹስ ተሰጥቶ ነበር? ደብዳቤዎ ስለዚህ አይናገርም። ሠልጣኞች የሚያስተምሩት በተማሩበት መንገድ ነውና፣ አሠልጣኙ ራሱ ሞጁል ልኮ ከመጥፋት ያለፈ ካላሳያቸው ሌላ አርአያ ከወዴት ያገኛሉ?

ጥያቄ፦ ከሠልጣኞቻችን ብዙዎቹ የዳታ ችግር አለባቸው፤ አንዳንዶቹም ስልክ የሚያገኙት ቤተሰቡ ሲተኛ ነው። አስተዳደሩ ግን ትምህርቱ ሁሉ በቀጥታ ቪዲዮ እንዲሰጥና ሠልጣኞች ካሜራ እንዲከፍቱ አዟል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ክርክሩን በሒሳብ ይጀምሩ። የቡድን ቪዲዮ ስብሰባ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ያህል ቢወስድ፣ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይሆናል፤ አምስት ኮርስ በሳምንት አንድ አንድ ሰዓት ቢሰጥ ከ2 ጊጋባይት ያልፋል። በሰከንድ 80 ኪሎቢት የሚወስድ የቀጥታ ድምፅ ግን በሰዓት 36 ሜጋባይት ብቻ ነው። በሰከንድ በ16 ኪሎቢት የተቀረጸ የ15 ደቂቃ የድምፅ መልእክት ደግሞ 2 ሜጋባይት አይሞላም፤ ሠልጣኙም ስልኩን ባገኘበት ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሊያደምጠውና ሊደግመው ይችላል። ይህን ሒሳብ በአንድ ገጽ ጽፎ ለአስተዳደሩ ማቅረብ ከብዙ ስብሰባ ይሻላል።

ድምፅ ብቻ ትምህርት አይሆንም የሚል ካለ፣ በቺካጎ እ.ኤ.አ. በ1937 የሆነውን ይጥቀሱለት። የፖሊዮ ወረርሽኝ የትምህርት ቤቶቹን መከፈቻ ሲያዘገይ የከተማይቱ መምህራን ትምህርቱን በሬዲዮ ሰጡ፤ ጋዜጦች የየዕለቱን መርሐ ግብር እያተሙ ያወጡ ነበር፤ ለወላጆች ጥያቄም መልስ የሚሰጥ ስልክ ተመድቧል። ድምፁን ያቆመው ከጎኑ የነበረው ጽሑፍና የጥያቄ መስመር ነው። እናንተም ድምፁን ከአጭር ጽሑፍና ከአንድ ጥያቄ ጋር ላኩ፤ የማስረከቢያ ጊዜውን በሰዓት ሳይሆን በሁለት ቀን ክልል ወስኑ፤ ቀጥታ ስብሰባውን በሳምንት አንዴ፣ ለግማሽ ሰዓት፣ ለጥያቄና ለክርክር ብቻ አስቀሩት።

ካሜራን ማስገደድ ተገቢ አይመስለኝም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጀረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳስረዳው፣ የሰዎችን ፊት ያለማቋረጥ በቅርብ ማየት፣ የራስን ምስል ደጋግሞ መመልከት፣ ከቦታ አለመንቀሳቀስና ምልክቶችን ለማንበብ የሚጠፋው ጥረት የቪዲዮ ስብሰባን አድካሚ ያደርጉታል። ከዚህም ሌላ ካሜራው የሠልጣኙን ቤት ያሳያል፤ ያንን ማሳየት የማይፈልግ ሰው ምክንያቱን እንዲያስረዳ ሊገደድ አይገባም።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ዓመት ዕጩ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤቶች ስለተዘጉ ፕራክቲከሙ (በትምህርት ቤት የሚደረገው የማስተማር ልምምድ) በኦንላይን ይተካል ተብሎ፣ ለጥቂት የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች በስልክ ቡድን ሒሳብ እያስተማርኩ ነው። ባስረዳሁ ቁጥር “ገባን” ብለው ይጽፋሉ፤ የሚልኩት መልስ ግን የተሳሳተ ነው። ይህ ልምምድ ይጠቅመኛል? ክፍል ፊት ሳልቆም መመረቄስ ትክክል ነው?

መልስ፦ “ገባን” የሚለውን መልስ ማመን ያቁሙ። ልጆች እንዲህ የሚጽፉት ለመዋሸት አይደለም፤ የተጠየቁት “ገባችሁ?” ተብለው ስለሆነ ጨዋው መልስ እርሱ ነው። በክፍል ውስጥ ቢሆን ፊታቸውን አይተው ያልገባውን ይለዩ ነበር፤ በስልክ ቡድን ላይ ግን ፊቱን የሚተካ ጥያቄ አስቀድመው ማዘጋጀት ይኖርብዎታል።

በክፍልፋይ መደመር ላይ እናስበው። 1/2 እና 1/3ን ደምሩ ሲባሉ ብዙ ልጆች ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምረው 2/5 ይላሉ። እርስዎ መልሱ 5/6 መሆኑን ገልጸው አሠራሩን በድምፅ ቢደግሙላቸው፣ ልጆቹ ለዚያ ጥያቄ 5/6 ብለው ይጽፉና ለሚቀጥለው እንደገና ታህትን ከታህት ይደምራሉ። ይህንን ከማድረግ ይልቅ “2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? በወረቀት ላይ ሥላችሁ ፎቶውን ላኩልኝ” ይበሉ። ሥዕሉን የሠራ ልጅ፣ ግማሽ ላይ ሌላ ነገር ተጨምሮበት ከግማሽ ያነሰ ውጤት መምጣቱን በራሱ ዐይን ያያል። እርስዎም ከፎቶው ብዙ ያነባሉ፤ አንዱ አምስቱን ክፍሎች እኩል ሳያደርግ ከፋፍሏል፣ ሌላው ግማሹንና ሲሶውን መጠናቸው በማይመሳሰል ሁለት ክብ ላይ ሥሏል፣ ሦስተኛው ሥዕሉን በትክክል ሠርቶ ሳለ መልሱን ግን አሁንም 2/5 ብሎ ትቶታል። እነዚህ ሦስቱ የተሳሳቱት በተለያየ ቦታ ነውና አንድ ዓይነት ማብራሪያ ሊላክላቸው አይገባም። ለመጀመሪያው ልጅ ስለ እኩል ክፍል የሚናገር፣ ለሁለተኛው አንድ ዓይነት አራት ማዕዘን የሚሰጥ፣ ለሦስተኛው ደግሞ “ሥዕልህና መልስህ ይስማማሉ?” ብቻ የሚል የግማሽ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ይላኩ።

ይህንን እያደረጉ ከሆነ ልምምዱ ይጠቅመዎታል፤ እንዲያውም አርባና ሃምሳ ልጅ ባለበት ክፍል የእያንዳንዱን ስሕተት በዚህ ቅርበት ለማየት ጊዜ አያገኙም። ልምምድን ከፋፍሎ መሥራትም አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ማይክሮ ቲቺንግ፣ ዕጩ መምህሩ ለጥቂት ተማሪዎች ለጥቂት ደቂቃ አንድን ክህሎት ብቻ እያስተማረ፣ ተቀርጾ እየታየና ግብረ መልስ እየተሰጠው እንደገና እንዲያስተምር የሚያደርግ ነው። የእርስዎን የስልክ ቡድን በዚሁ መንገድ መጠቀም ይችላሉ፤ አንዱን ሳምንት ጥያቄ በመጠየቅ ላይ ብቻ፣ ሌላውን ግብረ መልስ በመስጠት ላይ ብቻ ያተኩሩ፤ ተቆጣጣሪዎም ሁሉን ነገር በጥቅሉ “ጥሩ ነው” ከማለት ይልቅ በዚያ በአንዱ ላይ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ።

የሚጎድልዎትንም በግልጽ ማወቅ አለብዎ። ሃምሳ ልጅ ሲንጫጫ ድምፅን ሳይጨምሩ ጸጥ ማሰኘት፣ በሰሌዳ ላይ እየጻፉ ከኋላ የሚሆነውን መከታተል፣ አንዱ ቡድን ጨርሶ ሌላው ሳይጀምር ሲቀር ጊዜውን ማመጣጠን፣ እነዚህን በስልክ መለማመድ አይቻልም። ኮሌጁም በኦንላይን የተሠራውን ሙሉ ፕራክቲከም ነው ብሎ ቢመዘግብ ስሕተት ነው እላለሁ። ፕራክቲከሙን በኦንላይን መተካት ማስመረቅን ለማፋጠን ይጠቅም ይሆናል፤ ነገር ግን የተሠራውና ያልተሠራው ተለይቶ በሠልጣኙ መዝገብ ላይ ካልሰፈረ፣ ጉድለቱ በመጀመሪያው የሥራ ዓመት ልጆቹ ላይ ይወድቃል። ስለሆነም ከመመረቅዎ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አንደኛ፣ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ለተወሰኑ ሳምንታት ልምድ ባለው መምህር ክፍል ውስጥ እንዲቆዩ እንዲመቻችልዎ፤ ሁለተኛ፣ የትኞቹን ክህሎቶች በስልክ፣ የትኞቹን በአካል እንደተለማመዱ የሚያሳይ ዝርዝር ለሚቀጥርዎ ትምህርት ቤት እንዲሰጥልዎ። ክፍል ፊት ሳይቆሙ መመረቅዎ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ሳይነገር እንዲያልፍ ግን አይፍቀዱ።

ጥያቄ፦ ተቆጣጣሪዬ በኦንላይን ሳስተምር ቀርጬ እንድልክለት ጠይቆኛል። በቅጂው ውስጥ የልጆቹ ፊት፣ ድምፅና ስም አለ። መላክ እችላለሁ?

መልስ፦ ወላጆች ሳይፈቅዱ አይላኩ። ለወላጆቹ የሚጻፈው መልእክት ቅጂው ለምን እንደተፈለገ፣ ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚጠፋ ይናገር፤ ያልፈቀደ ወላጅ ካለም ልጁ ከትምህርቱ ሳይሆን ከቅጂው ብቻ ይቅር። አብዛኛውን ጊዜ ግን ተቆጣጣሪው ማየት የሚፈልገው የእርስዎን አስተማመር እንጂ ልጆቹን ስላልሆነ፣ የራስዎን ድምፅ ብቻ ቀርጸው፣ የልጆቹን መልስ ስማቸውን ቆርጠው በፎቶ ማያያዝ ይበቃል። በቡድን የመልእክት መቀበያ ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ አይልቀቁት፤ ለተቆጣጣሪው በግል ይላኩና ምዘናው ሲያልቅ ከሁለታችሁም ስልክ መሰረዙን ያረጋግጡ።